የፊዚካል ኬሚስትሪ ኮርስና ላብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ላይ የፊዚካል ኬሚስትሪ ቲዎሪና ላብ ለተመዘገባችሁ ተማሪዎች፣ በየሴሚስተሩ የሚመላለሱት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ኮርሱን ለመውሰድ ምን ማወቅ አለብኝ? ሒሳቡ ይከብዳል?

ጄኔራል ኬሚስትሪንና የመጀመሪያውን ካልኩለስ ሳያልፉ መመዝገብ አይቻልም። ከዚያ ውጭ የሚያስፈልገው ሒሳብ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ያው ጥቂቱ በየክፍለ ጊዜው ይመጣል። የአንድ ሲካፈል ለኤክስ ኢንቴግራል ናቹራል ሎግ መሆኑን፣ ሎግ መደመርና መቀነስን፣ ከቀጥታ መስመር ላይ ስሎፕ ማውጣትን እጃችሁ እስኪለምድ ሥሩት። ፓርሻል ዴሪቬቲቭ ካላያችሁ አይዟችሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምረን እናስተምረዋለን።

ነጥብ የሚያስጥሉት ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ነገሮች ናቸው። ካልኩሌተር ላይ ኤል ኤን መጫን ሲገባ ሎግ ከተጫነ መልሱ 2.303 ጊዜ ያንሳል። ሴልሺየስን ወደ ኬልቪን ሳይቀይሩ ቀመር ውስጥ መክተትም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም ዛሬውኑ ካልኩሌተራችሁ ላይ ሞክሯቸው።

ነጥቡ እንዴት ይከፋፈላል?

ኩዊዝ 10፣ አሳይመንት 10፣ ሚድ 20፣ ላብ 20፣ ፋይናል 40። ኩዊዝ ሳይነገር ይሰጣል፤ ከሁሉም ዝቅተኛው አንዱ አይቆጠርም። ስለዚህ አንድ ኩዊዝ ያመለጠው ተማሪ ምክንያት ይዞ ቢሮ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም።

ላቡን 20 ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት። ከላቡ 20 ነጥብ ግማሹን ያላገኘ ተማሪ፣ ጠቅላላ ድምሩ የሚያሳልፈው ቢሆን እንኳ ኮርሱን አላለፈም።

ስንት ጊዜ ብቀር ችግር የለውም?

ለቲዎሪ ቢያንስ 85 በመቶ መገኘት ግዴታ ነው፤ ላብ ላይ መቅረት የለም። ታማችሁ ላብ ካመለጣችሁ በዚያው ሳምንት ከሌላ ግሩፕ ጋር ገብታችሁ ትሠራላችሁ። ሳምንቱ ካለፈ ሶሉሽኑ ተደፍቶ፣ ዕቃው ተነስቶ፣ ጠረጴዛው ለሚቀጥለው ሙከራ ተዘጋጅቶ ይቆያል፤ ለአንድ ሰው ብሎ እንደገና መዘርጋት አይቻልም። ስለዚህ በታመማችሁበት ቀን ወይም በማግስቱ ለላብ ቴክኒሻኑ ወይም ለእኛ ንገሩ፤ የክሊኒኩ ወረቀት በኋላ ይደርሳል።

ላብ ላይ 15 ደቂቃ ያረፈደ ተማሪ አይገባም። የዕለቱ አደጋ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ጠርሙስ እንዴት እንደሚያዝ የሚነገረው በእነዚያ 15 ደቂቃዎች ነው። ያንን ሳይሰማ የሚሠራ ሰው አጠገቡ ያለውንም ይጎዳል።

ላብ ስገባ ምን ልልበስ? ምን ልያዝ?

ጋውን፣ የመከላከያ መነጽር፣ ጣትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጫማ። ሐዋሳ ስለሚሞቅ ብዙዎች በነጠላ ጫማ ይመጣሉ፤ ከቡሬት (ፈሳሽ በጠብታ ከሚያወርደው መለኪያ ቱቦ) የሚንጠባጠበው አሲድ ግን የሚያርፈው እግር ላይ ነው፤ በነጠላ ጫማ ማንንም አናስገባም። ረጅም ፀጉር ይታሰር፣ የሂጃብና የሻርፕ ጫፍ ጋውን ውስጥ ይግባ። ፒፔት በአፍ መሳብ ክልክል ነው፤ ፊለሩን (ፈሳሹን የሚስበውን ጎማ) ተጠቀሙ፣ ከጎደለም ቴክኒሻኑን ጠይቁ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዐይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ቤዝ ዐይን ላይ ከአሲድ የባሰ ስለሆነ «ትንሽ ነው» ብሎ መተው አይገባም።

የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከተሰበረ አትንኩት፣ አትጥረጉት፣ ቴክኒሻኑን ጥሩ። ሜርኩሪ በመጥረጊያ ሲነካ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበታተንና ትነቱ ይብሳል። ዕቃ ሰበርኩ ብሎ ወዲያው የተናገረ ተማሪ አንድም ነጥብ አይቀነስበትም።

ለሥራው ገጾቹ ቁጥር የተሰጣቸው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ ግራፍ ወረቀትና የራሳችሁን ካልኩሌተር ያዙ።

በጾም ወቅት የከሰዓት ላብ ይከብደኛል። መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ። ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን መቼ እንደሚገባ ሴሚስተሩ ሲጀመር ስለሚታወቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለጠየቀ ተማሪ ቦታ ሊቀያየረው የሚፈልግ ፈልገን ወደ ጠዋት ግሩፕ እናዛውራለን። ላብ ውስጥ መብላትና ውሃ መጠጣት ለማንም አይፈቀድም። ራሳችሁን ካዞራችሁ ሥራውን ለጓደኛችሁ ሰጥታችሁ ውጡና ተቀመጡ፤ ነጥብ አያስቀንስም።

ፕሪላብ (ከላብ በፊት የሚሠራው ዝግጅት) ላይ ምን መጻፍ አለበት?

አንድ ገጽ ይበቃል። ምን እንደሚለካ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቁጥር የሚገባበት ባዶ ሠንጠረዥ ከነዩኒቱ፣ የሶሉሽን ስሌት። ለምሳሌ 0.1 ሞላር የሆነ 250 ሚሊሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለማዘጋጀት 1.0 ግራም እንደሚመዘን ቤት ውስጥ ሠርታችሁ መምጣት አለባችሁ። ፕሪላብ ያልሠራ ተማሪ ኮሪደር ላይ ጨርሶ ይገባል፣ 15 ደቂቃው ሳያልፍ ከደረሰ።

መለኪያውን በእርሳስ ጽፌ በኋላ በንጹሕ ብገለብጠውስ?

አይቻልም። ቁጥሩ እንደታየ በእስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ይጻፋል። ከተሳሳታችሁ በአንድ መስመር ሰርዙትና ጎኑ ላይ ትክክለኛውን ጻፉ፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት። ከላብ ከመውጣታችሁ በፊት ቴክኒሻኑ ገጹ ላይ ይፈርማል፤ ያልተፈረመበት ዳታ ሪፖርት ውስጥ አይገባም። የተዝረከረከ ደብተር ነጥብ አያስቀንስም፣ ንጹሕ ሆኖ የተገለበጠ ግን ያስቀንሳል።

ቡሬት በ0.1 ሚሊሊትር የተከፋፈለ ስለሆነ ሁለተኛውን ዴሲማል ገምታችሁ ጻፉ፦ 12.4 ሳይሆን 12.40። ዐይናችሁ ከፈሳሹ የጎድጓዳ ወለል ጋር እኩል ይሁን። ከላይ ወደ ታች ካያችሁ ቡሬት ላይ የምታነቡት ቁጥር ያንሳል፣ መለኪያ ሲሊንደር ላይ ደግሞ ይበዛል። የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ከአንድ ዓይነት አቅጣጫ ያየ ሰው ስህተቱ በመቀናነስ በከፊል ይጠፋለታል፤ የሚጎዳው አንዱን ቆሞ ሌላውን ጎንበስ ብሎ ያነበበ ነው።

ያገኘሁት ውጤት መጽሐፉ ላይ ካለው ራቀ። ነጥብ ይቀነስብኛል?

አይቀነስም። ከሁሉ በላይ እንዲገባችሁ የምንፈልገው ይህን ነው። የካሎሪሜትሩን (የሙቀት መለኪያውን) ሙከራ እንውሰድ። 50 ሚሊሊትር 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከ50 ሚሊሊትር 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በፎም ኩባያ ውስጥ ይቀላቀላል። የታወቀው ኢንታልፒ (በቋሚ ግፊት የሚወጣው ወይም የሚገባው ሙቀት) ወደ ‎−57 ኪሎጁል በሞል ስለሆነ ሙቀቱ 6.8 ዲግሪ ያህል መጨመር ነበረበት። ኩባያው፣ ቴርሞሜትሩና አየሩ ድርሻቸውን ስለሚወስዱ ግን ያነሰ ይገኛል። 6.0 ያነበበ ተማሪ 100 ግራም በ4.18 በ6.0 አባዝቶ፣ ለ0.05 ሞል አካፍሎ ‎−50 አካባቢ ያገኛል። ‎−50 ብሎ ሙቀቱ የት እንደሄደ ያስረዳ ሙሉ ነጥብ አለው። ሠንጠረዡ ላይ 6.0 እያለ መደምደሚያው ላይ ‎−57.1 የጻፈ ዜሮ ነው።

የጠፋውን ሙቀት በከፊል መመለስ ይቻላል። ከመቀላቀል በፊትም ሆነ በኋላ በየ30 ሴኮንዱ ሙቀቱን መዝግቡ፣ ከቀላቀላችሁ በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቀጥሉ። ግራፉ ላይ የሚቀዘቅዘውን መስመር ወደ ኋላ ስባችሁ በተቀላቀለበት ቅጽበት ላይ ያለውን ሙቀት አንብቡ። መልሳችሁ 25 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ክብደቱን የሁለቱን ድምር 100 ግራም ሳይሆን 50 ብላችኋል፣ ወይም ሞሉን 0.05 ሳይሆን 0.1 አድርጋችኋል። ሁለቱም መልሱን ልክ በግማሽ ያሳንሱታል።

በአንድ በአንድ ዲግሪ የተከፋፈለ ቴርሞሜትር በእያንዳንዱ ንባብ ግማሽ ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፤ ልዩነቱ ላይ እስከ አንድ ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። ከ6 ዲግሪ ውስጥ አንዱ አጠራጣሪ ሆኖ ሳለ ሪፖርት ላይ 50.16 ብሎ መጻፍ ቴርሞሜትሩ ያልተናገረውን መናገር ነው። 50 ብላችሁ ጎኑ ላይ የስህተቱን መጠን ጻፉ።

ውሃው በ100 ዲግሪ አልፈላም። ቴርሞሜትሬ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ወደ 620 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም 82.5 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ላብ ቴርሞሜትራችሁን በበረዶና በሚፈላ ውሃ የምታመሳክሩት ለዚህ ነው። 100 ብሎ የጻፈ ተማሪ ካለ ቴርሞሜትሩን ይዞ መጥቶ አብረን እንደገና እናፈላለን። ስታፈሉ የመፍሊያ ጠጠር መጨመር አትርሱ፤ አለዚያ ውሃው ድንገት ይዘላል።

ይኸው ቁጥር የመጀመሪያው አሳይመንት ነው። የውሃን የትነት ኢንታልፒ 40.7 ኪሎጁል በሞል አድርጋችሁ፣ ከ373.15 ኬልቪንና ከ760 ሚሊሜትር ተነስታችሁ፣ የትነት ግፊትን ከሙቀት ጋር በሚያገናኘው የክላውዚየስ ክላፔሮን ቀመር ለ620 ሚሊሜትር ሥሩት፤ 367 ኬልቪን ይመጣል። በወረቀት የሠራችሁትን በዐይናችሁ ማየት የሚገኘው በጥቂት ኮርስ ነው፤ ተጠቀሙበት።

ጋዝ በምትለኩበት ቀንም ያው ነው። 22.4 ሊትር የሚለው ለ0 ዲግሪ ሴልሺየስና ለ1 አትሞስፌር ብቻ ነው። ሐዋሳ ላይ በ25 ዲግሪ የአንድ ሞል ጋዝ መጠን 30 ሊትር ያህል ነው። ማግኒዚየም በአሲድ አሟሙታችሁ ሃይድሮጅኑን ውሃ ላይ ስትሰበስቡ ደግሞ በ25 ዲግሪ 23.8 ሚሊሜትር የሆነውን የውሃ ትነት ግፊት ከአየሩ ግፊት መቀነስ አለባችሁ።

አር (የጋዝ ቋሚ ቁጥር) 8.314 ነው ወይስ 0.08206?

አንድ ነገር በሁለት ዩኒት ነው። 8.314 ጁል በሞል በኬልቪን ነው፤ ግፊቱ በኪሎፓስካል፣ መጠኑ በሊትር ሲሆንም ይሠራል። 0.08206 ለሊትርና ለአትሞስፌር ነው። የኃይል ጥያቄ ሁሉ 8.314 ይፈልጋል፤ 0.08206 ያስገባ ሰው መልሱ በ101.3 ጊዜ ይሳሳታል።

ሌላው ወጥመድ ጊብስ ኢነርጂ (ከኢንታልፒ ላይ የኬልቪንና የኢንትሮፒ ብዜት ሲቀነስ) ላይ ነው፤ ሠንጠረዥ ላይ ኢንታልፒ በኪሎጁል፣ ኢንትሮፒ በጁል ይሰጣል። ውሃ በ298 ኬልቪን ሲተን ኢንታልፒው 44.0 ኪሎጁል፣ ኢንትሮፒው 119 ጁል በኬልቪን ነው። 119ኙን ለ1000 አካፍላችሁ፣ በ298 አባዝታችሁ ከ44.0 ስትቀንሱ 8.5 ኪሎጁል ይመጣል። ሳታካፍሉ ከቀነሳችሁት ከ‎−35,000 በታች የሆነ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ስታዩ ወደ ዩኒቱ ተመለሱ።

ለኢንተርናል ኢነርጂ ለውጥ አንዱ መጽሐፍ ኪው (ሙቀት) ሲደመር ደብሊው (ሥራ) ይላል፣ ሌላው ኪው ሲቀነስ ደብሊው። የቱን ልያዝ?

ኮርሱ የሚከተለው የመጀመሪያውን ነው፦ በሲስተሙ ላይ የተሠራ ሥራ ፖዘቲቭ ነው፣ ጋዝ ሲሰፋ ደብሊው ኔጌቲቭ ይሆናል። ቆየት ያሉ መጻሕፍትና የኢንጂነሪንግ መጻሕፍት ሲስተሙ የሠራውን ፖዘቲቭ ያደርጋሉ። ፊዚክስ ወይም ኢንጂነሪንግ ያለ ጓደኛችሁ ኖት ላይ ስታጠኑ ይህን ሳታዩ እንዳታልፉ። ፈተና ላይ ሌላውን መርጣችሁ ወረቀቱ አናት ላይ ከጻፋችሁና እስከ መጨረሻው ከጸናችሁበት ሙሉ ነጥብ ታገኛላችሁ፤ መሀል ላይ መቀላቀል ነው የሚያስጥለው።

ስታንዳርድ ግፊትም እንደዚሁ ነው። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመከረው 1 ባር ነው፣ የድሮ ሠንጠረዦች በ1 አትሞስፌር ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ነጥብ አንቀንስበትም።

ሪፖርት መቼ ነው የሚገባው? መብራት ቢጠፋስ?

ላቡ ከተሠራበት ቀን አንድ ሳምንት በኋላ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር። ካለፈ በቀን 10 በመቶ ይቀነሳል፣ ከሦስት ቀን በኋላ አይቀበልም። መብራት ጠፍቶ ወይም ፕሪንት ቤቱ ተጨናንቆ ካልቻላችሁ በእጅ ጻፉት። በእጅ የተጻፈ ሪፖርት ከታተመው እኩል ነው፤ በግራፍ ወረቀት የተሣለ ግራፍማ እንዲያውም እንመርጣለን፣ እያንዳንዱን ነጥብ ተማሪው አስቦ ስላስቀመጠው።

ፈተና ላይ ምን ይፈቀዳል?

ፕሮግራም የማይቀበል ሳይንሳዊ ካልኩሌተር፣ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ። ስልክ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ካልኩሌተር መዋዋስ የለም። ቀመሮችና ቋሚ ቁጥሮች የመጨረሻው ገጽ ላይ ተሰጥተዋል፣ መሸምደድ አያስፈልግም።

ነጥብ የሚሰጠው ለአካሄድ ነው። «ሀ» ላይ ተሳስታችሁ ያንን ቁጥር «ለ» ላይ በትክክል ከተጠቀማችሁበት ሁለተኛ ጊዜ አትቀጡም። ጊዜ አልቆባችሁ የማይመስል መልስ፣ ለምሳሌ ከዜሮ በታች የሆነ ኬልቪን፣ ከመጣባችሁ «ይህ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም…» ብላችሁ ጻፉ። ለዚያ ነጥብ አለው።

ሚድ አመለጠኝ። ሜክ-አፕ አገኛለሁ?

ለሕመምና ለለቅሶ አዎ። በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ አሳውቁ። ለሕመም የሕክምና ወረቀት ያስፈልጋል። ለቅሶ ከሆነ ለአድቫይዘራችሁ መናገር ይበቃል፤ ሐዘን ላይ ያለ ተማሪ ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ እንዲመላለስ አንፈልግም። ሜክ-አፕ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ክብደቱም ከመጀመሪያው አይለይም።

ውጤቴ ተሳስቷል ብዬ ካመንሁስ?

ወረቀቱ በተመለሰ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ የትኛው ጥያቄ፣ ለምን እንደሆነ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። የድምር ስህተት ከሆነ እዚያው ይስተካከላል። የአተራረም ጥያቄ ከሆነ ያ ጥያቄ በሌላ መምህር ይታያል። «ለቢ ሁለት ነጥብ ቀረኝ» የሚል ማመልከቻ ግን አንቀበልም፤ ለአንዱ ያደረግነውን ለሌላው መንፈግ ይሆናል።

ከላብ ጓደኛዬ ጋር አብረን ሠርተን ኩረጃ የሚባለው ከየት ጀምሮ ነው?

የተለካው ዳታ የጋራችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት፣ ግራፍና ትንታኔ የየራሳችሁ ነው። ቁጭ ብላችሁ ስለ ቀመሩ መከራከር እንዲያውም ጥሩ ጥናት ነው፤ ስትጽፉ ግን ተለያዩ። ሁለት ሪፖርት ላይ አንድ ዓይነት የስሌት ስህተት ሲገኝ ሁለቱንም ተማሪዎች ጠርተን ለየብቻ እናነጋግራለን፤ ያስኮረጀውም የኮረጀውም ያንን ሪፖርት ያጣሉ።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹን ያልገባችሁን ነገር ለማስረዳት መጠቀም ይፈቀዳል፤ የተጠቀማችሁበትን በአንድ መስመር ሪፖርቱ ላይ ጻፉ። ትንታኔውን ግን እሱ እንዲጽፍ አታድርጉ። የእናንተ ኩባያ ምን ያህል ሙቀት እንዳጣ፣ ያን ቀን ቡሬቱ ሲንጠባጠብ እንደነበር እሱ አላየም። ከየግሩፑ አንዳንድ ተማሪ መርጠን በሪፖርቱ ላይ አምስት ደቂቃ በቃል እንጠይቃለን፣ የጻፈውን ማስረዳት ያልቻለ ነጥቡ በቃል መልሱ ይሆናል።

አንድ ነጥብ ከመስመሩ ወጣብኝ። ላጥፋው?

በብዛት የሚነሳው በሜቲል አሴቴት ሙከራ ላይ ነው። ኤስተሩ በአሲድ ውስጥ ሲበታተን በየተወሰነ ደቂቃው 5 ሚሊሊትር ተቀድቶ፣ ሪአክሽኑ እንዲዘገይ በረዶ የተጨመረበት ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለካል። ከመጨረሻው ንባብ የየደቂቃው ንባብ ተቀንሶ፣ የልዩነቱ ናቹራል ሎግ በጊዜ ላይ ሲሣል ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት።

አንድ ነጥብ ብቻ ከወጣ መጀመሪያ ደብተሩን ተመልከቱ፦ በረዶው አልቆ ነበር? ፒፔቱ ውስጥ አየር ነበር? የፌኖልፍታሊን (ቤዝ ሲበዛ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ሮዝ ቀለም ከታየ በኋላ ቀስ ብሎ ሲጠፋ ኤስተሩ ገና አሲድ እየሰጠ ስለሆነ ነው፤ ጠፋ ብሎ ጠብታ እየጨመረ የቀጠለ ሰው ንባቡ ይበዛል። ለ30 ሴኮንድ ያህል የቆየውን የመጀመሪያ ሮዝ ያዙ። መጨረሻ አካባቢ ያሉት ነጥቦች ሁሉ ወደ ታች ከታጠፉ ግን ችግሩ የመጨረሻው ንባብ ላይ ነው፤ ሪአክሽኑ ሳያልቅ ወስዳችሁት ቁጥሩ አንሷል። ለዚያ ነው በማግስቱ ተመልሳችሁ እንድትለኩ የምናደርገው። እንዲህ ያለውን ግራፍ ነጥብ በማጥፋት ማቃናት አይቻልም።

ነጥብ ማጥፋት የሚፈቀደው ደብተሩ ላይ በዕለቱ የተጻፈ ምክንያት ካለ ብቻ ነው። ያኔም ነጥቡ ግራፉ ላይ ይቆያል፣ ይከበባል፣ ምክንያቱ ሥሩ ይጻፋል፤ ስሎፑ እሱን ጨምሮና እሱን ትቶ ሁለት ጊዜ ይሰላል፣ ሁለቱም ሪፖርቱ ላይ ይቀመጣሉ።